የድብ ባሕሩ ዕርቅ

መምህር ሐብተ ማርያም ከቅዳሴ ተመልሶ የቤቱን በር ገፋ ሲያደርግ ታላቅ ወንድሙን የሻውን ከገዛ ልጁ እግር ሥር ተንበርክኮ አገኘው። ፅዮን ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ዘርግታለች፤ አባቷ አንዲት ሰንበሌጥ ከተረከዟ ጀምሮ እስከ አውራ ጣቷ ጫፍ አጋድሞ፣ ጥፍሯ ካለቀበት ላይ ቀጭ አድርጎ ሰበራት። ከዚያ የለካባትን ቁራጭ በመሐረብ ጠቅልሎ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተ። የመምህሩ ሚስት ወይዘሮ ታየች ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እጇ ይሠራል እንጂ ዓይኗ ከወለሉ አልተነሣም። የሽንኩርቱ ነገር ይሁን ሌላ፣ ዓይኗ ቀልቷል።

“አያ፣ ምነው ሱቅ ሞልቶ?” አለ መምህሩ እየሳቀ። “ልጅቱን ይዘሃት ፒያሳ ብትወርድ እኮ እግሯን ከትታ ትሞክረዋለች። በሰንበሌጥ የተለካ ጫማ አንድም ይጠብቃል፣ አንድም ይወልቃል።”

“ይሁን” አለ የሻው።

መቼም ሐብተ ማርያም ቀልዱ ሳይሳቅለት ሲቀር የሚያመው ሰው ነው። ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ጣል በማድረግ ሕዝቡን በሳቅ ማፍረስ፣ ወዲያው ደግሞ በሌላዋ ማስለቀስ ለምዷል፤ ጎንደር ውስጥ እሱ ይሰብካል ከተባለ ከአዘዞ ድረስ ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣ አለ። እቤቱ ግን ሰባኪነቱ ብዙም አይሠራለትም። ቁርስ ቀረበና ሁሉም ከበቡ። የሻው የገብሱ ውቂያ ሸጋ እንደ ሄደለት፣ የአውቶቡሱ ታሪፍ ግን እንደ ጨመረ፣ የከብት መድኃኒት የሰው መድኃኒት ዋጋ እንደ ደረሰ አወራ። ታየች በርበሬ ዘንድሮ የማይቀመስ መሆኑን ተናገረች። ስለ ዋጋ የማያወራ አልነበረም፤ ስለ ጫማው የሚያወራ ግን ጠፋ። ፅዮን ሁለቴ ጎርሳ ቦርሳዋን አነሣች። አዋላጅ ነርስ ልትሆን ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ከአጎቷ ቤት ከቁስቋም እየተመላለሰች ማራኪ ሰፈር ካለው ኮሌጅ ትማራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ስታጠና ትውላለች። በአባቷ ፊት ስታልፍ የሻው እጁን ዘርግቶ የነጠላዋን ጫፍ ያዝ አደረገና መልሶ ለቀቀው። ጥቂት ቆይቶ እሱም መድኃኒቱን ልግዛ ብሎ ወጣ።

“ጫማው ለምንድን ነው?” አለ ሐብተ ማርያም ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ።

ታየች ሳህን ትሰበስብ ነበር። “ጥሎሽ ነው” አለች። “ልኩን ከወንዱ ቤት ልኩልን ብለዋቸው ነው።”

“የማን ቤት?”

“የአያ ወልደኢየሱስ። ለልጃቸው ለአብዮት ነው የምትዳረው። ከጥምቀት ማግሥት።”

ሐብተ ማርያም ክው አለ። አያ ወልደኢየሱስ ማለት ባለፈው ክረምት ልጁ የተገደለበት ሰው ነው፤ ገዳዩም የየሻው ልጅ፣ የፅዮን ታላቅ ወንድም ሰውአገኝ ነው። ከብትህ ገብሴን በላ፣ አልበላም በሚል ጠብ ክንዱ የሚባለውን የወልደኢየሱስን ልጅ አናቱን በዱላ መታው፤ ክንዱ በማግሥቱ ሞተ፤ ሰውአገኝ ወህኒ ወረደ። ነገር ግን በዚያ አገር ወህኒው የመንግሥት ነው፣ ደሙ የቤተሰብ ነው። የሟች ወገን ከገዳይ ወገን አንድ ወንድ ካልወደቀ ዓይኑን ከመንገድ አይነቅልም። ይህን ለማብረድ ነው ሽማግሌዎች ኅዳር ሊያልቅ ሲል ሁለቱን ወገን ከእነ የሻው አገር፣ ከድብ ባሕር በላይ ካለው ሜዳ ያስቀመጧቸው፤ መምህሩም ከጎንደር ተጠርቶ ሄዶ የሰበከው።

የዚያን ዕለቱን ስብከት ራሱ ሲያስታውሰው እንኳ ሰውነቱን ይወረዋል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ከጻፈው፣ ክርስቶስ በሁለቱ ወገን መካከል የነበረውን የጥል ግድግዳ አፈረሰ የሚለውን ቃል አንሥቶ፣ ግድግዳውን የገነባነው እኛ ነን፣ ድንጋዩን ያቀበልነው እኛ ነን እያለ በብርዱ ሜዳ ላይ ላብ በላብ ሆነ። ሽማግሌው ወልደኢየሱስ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ከሣሩ ላይ አጋደመው። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ጎንደርን በሙሉ አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ መምህሩ የትም ቢቆም ያን ታሪክ ሳያነሣ አይወርድም። “ወንጌል ደም ያደርቃል!” ይላል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላም በቁስቋም ጉባኤ ሊያወራ የተሰናዳው ይኸንኑ ነበር፤ እንዲያውም ሕዝቡ ራሱ ያችን ድገሙልን ብሎ አስነግሯል።

“የታረቁት በቃሉ ነው” አለ።

ታየች ቀና ብላ አየችው። “አንተ ከመናገርህ በፊት አልቋል። በዋዜማው ነው ያለቀው። ሽማግሌው ያለቀሱት ለልጃቸው ነው፤ የልጄን ደም ሸጥኩ ብለው ነው።” ሳህኑን አስቀመጠች። “አያ ሐዲስ ሲመርቁ አልሰማህም? ይኸን ደም በልጅ ያድርቅልን፣ ሁለቱን ቤት በአንድ ጎጆ ይግጠምልን ሲሉ፣ ከሁሉ ቀድመህ አሜን ያልኸው አንተ አይደለህ?”

ሰምቶ ነበር። ሰምቶ አልሰማም። ለእሱ ምርቃት ሲወርድ አሜን ማለት እንደ መተንፈስ ነው፤ መራቂው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር፣ የተባለውን ሳያኝክ፣ አሜን ይላል። ድምፁም ከሁሉ ይጎላልና ሌላው እሱን ተከትሎ ያስተጋባል። በአገሩ ሥርዓት ደግሞ ከዕርቅ ምርቃት ላይ የወገን አሜን ፊርማ ነው። የቤቱ የተማረው፣ የቤቱ አፍ የሚባለው ሰው፣ የወንድሙን ልጅ ከሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ፈረመባት። ታየች ያን ለት ከሴቶቹ መካከል ሆና እንደ ሰማችው ነገረችው። “አውቀህ መስሎኝ ነበር” አለች። “በኋላ አለማወቅህ ሲገባኝ ዝም አልኩ።” ምነው ዝም አልሽ ቢላት ሽንኩርቷን ወደ መክተፉ ተመለሰች።

ያለ ጋቢው ወጣ። ከቁስቋም ቁልቁል ሲወርድ ከተማው ለጥምቀት ይሰናዳል፤ በየበሩ ባንዲራ ይሰቀላል፣ የአጥር ቀለም ይቀባል። የማራኪ ታክሲ ተሳፍሮ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠ። አንዲት ሴት ከኋላ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ “መምህር፣ ያቺ የድብ ባሕሯ ስብከትዎ ከስልኬ አለች። ከጎረቤቴ ጋር ዓመት ተኳርፈን ነበር፣ እሷን ሰምተን ታረቅን” አለችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስሟን ጠይቆ፣ የጠቡን ምክንያት አጣርቶ፣ ለሚቀጥለው እሑድ ምሳሌ ያደርጋት ነበር። አሁን ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ከመጽሐፈ መሳፍንት ዮፍታሔ መጣበት፤ በጦርነት ካሸነፍኩ ከደጄ ወጥቶ መጀመሪያ የሚቀበለኝን እሠዋለሁ ብሎ የተሳለው፣ ሲመለስ ከበሮ እየመታች የተቀበለችው አንዲት ልጁ የሆነችበት ሰው። ይህን ምዕራፍ ሲሰብክ ኖሯል፤ ሁልጊዜም ስለ አባትየው ነው፣ ከአፉ የወጣውን ያላጠፈ ወንድ እያለ። ልጅቱ በመጽሐፉ ስሟ እንኳ እንዳልተጻፈ፣ ከመሠዋቷ በፊት ከባልንጀሮቿ ጋር በተራራ ላይ ለማልቀስ ቀን ስጠኝ ብላ አባቷን እንደ ለመነች፣ ዛሬ ገና ያነበበው ይመስል ደረቱን ወጋው። ስለ እሷ አንድ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ከቤተ መጻሕፍቱ አስጠርቷት ግቢው ዳር ካለው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎች እየሳቁ፣ እየተጎሻሸሙ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ መምህሩን አውቆት ጎንበስ ይልለታል። ፅዮን የመጣበትን ነገር ፊቱን አይታ ሳታውቀው አልቀረችም፤ ደብተሮቿን ከጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። እሺ ብለሻል ወይ ሲላት ብያለሁ አለች። ማን አስገደደሽ ሲላት ማንም አለች። ትምህርትሽስ ቢላት የባልሽ ፈቃድ ነው ብለዋል አለች። ያኔ ነው ነገር የጀመረው፤ እኔ አለሁ፣ ይኸ ወንጀል ነው፣ ለፖሊስ አመለክታለሁ፣ ሊቀ ጳጳሱ ዘንድ እገባለሁ፣ እያለ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። እሷ ከጉባኤ እንደ ተቀመጠች ሁሉ ጸጥ ብላ አዳመጠችውና ሲጨርስ፣

“አጎቴ፣ በማን ደም ፋንታ እንደ ሆነ አልነገሩህም ማለት ነው” አለች።

“በወንድምሽ ነዋ፣ በሰውአገኝ።”

“ሰውአገኝን ወህኒ ውስጥ ማን ያገኘዋል? አባቴን ደግሞ አይፈልጉትም፤ ያረጀ ገበሬ ነው። ክንዱ የተማረ ነበር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የቤታቸው ዓይን። የእሱ ልክ የሚሆን ከእኛ ቤት ማን አለ ብለው ተመካከሩ።” ደብተሯን ገለጥ አድርጋ መልሳ ዘጋችው። “አንተን መረጡህ።”

የሰማውን ነገር ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ተማሪዎቹ ያልፋሉ፣ ፀሐይዋ ትሞቃለች፣ ከወዲያ ሙዚቃ ይሰማል፤ እሱ ግን ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ጭው ብሎበት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያል። ያለፈውን ወር በሙሉ በጎንደር ጎዳና ደረቱን ነፍቶ የሄደው፣ ከምሽት ጉባኤ ብቻውን እያዜመ ወደ ቤቱ የገባው፣ ሰላም ነው ብሎ በሩን ሳይቀረቅር የተኛው፣ ይህች ልጅ እዚህ ተቀምጣ ስላለች ነው።

“ለእኔ ነው?” አለ በመጨረሻ።

“ለአንተ ነው።” ቀና ብላ አየችው። “አባቴ ሲነግረኝ በስልክ ነበር፤ እያለቀሰ። መጀመሪያ ሞቼ ልገኝ ብዬው ነበር። በኋላ ግን አንተ የሰበክኸው ትዝ አለኝ፤ ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ከሚሰጥ ሰው የሚበልጥ ፍቅር ያለው ማንም የለም ያልኸው። እኔ ደግሞ፣ የተጠየቅኩት ነፍስ እንኳ አይደለም፣ ባል ነው አልኩ።” ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

እሱን የሚሰማ ሰው ከዚህ ከተማ ሞልቷል፤ የሚያለቅስ፣ እልል የሚል፣ በስልኩ የሚቀርጽ። ያመነውን ሰው ግን ሐብተ ማርያም ዛሬ ገና ማየቱ ነው። ፈራት። እውነቱን ለመናገር ደሙን ከሚፈልጉት ሰዎች ይልቅ እሷን ፈራ። “አንቺ ትፈልጊዋለሽ?” ብሎ ጠየቃት።

“እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም” አለች። የደብተሮቿን ጠርዝ አስተካከለች። “አልፈልገውም። አንተ እንድትሞትብኝም አልፈልግም። ሁለቱንም አንድ ላይ አልፈልግም የምልበት መንገድ ካለ ንገረኝ።” ደብተሮቿን ሰብስባ፣ ነገ ፈተና አለብኝ ብላ፣ ተነሥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰች።

ከማራኪ በእግሩ ተመለሰ። መንገዱን እንደዚህ አይቶት አያውቅም፤ ከኋላው ኮቴ በሰማ ቁጥር ዘወር ይላል፣ ጋቢ የተከናነበ ሁሉ ለእሱ የመጣ ይመስለዋል። የሻውን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ የገዛውን መድኃኒት በላስቲክ አንጠልጥሎ፣ በትሩን ከጎኑ አስደግፎ ተቀምጦ አገኘው። አጠገቡ ተቀመጠ። የሻው ፊቱን አይቶ ሁሉንም እንደ ሰማ አወቀ።

“አያ፣ ምነው ሳትነግረኝ?”

“ነግሬህስ?” አለ የሻው። “እዚህ ከተማ መሀል ቆመህ ታወራው ነበር፤ አፍህ አያርፍም።” በንዴት አይደለም የተናገረው፤ ድካም ነበረበት። “ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ለታ፣ አንተ እዚያ ላይ ቆመህ ስትናገር፣ ከፊት ተቀምጦ ነበር አብዮት። ሽጉጡ ከጋቢው ሥር ነበር። ሰው ስለ በዛበት ነው የተመለሰ። ይኸን ከዕርቁ በኋላ ራሱ ነው ያጫወተኝ፣ እየሳቀ፤ አማቼ ትሆናለህ ብሎ።”

ሐብተ ማርያም ያን ቀን አስታወሰ። የበዓሉ ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ሞልቶ ነበር፤ እሱም ጠላቶቻችሁን ውደዱ በሚለው ላይ ሲያስተምር፣ ከፊት አንድ ጎልማሳ ዓይኑን ሳይነቅል አተኩሮ ሲያየው፣ ቃሉ ገባው ብሎ ደስ ብሎት ነበር። እንዲያውም ወደ እሱ ዘንበል እያለ ነው የተናገረው።

“ለዚህ ሰው ነው ልጅህን የምትሰጠው?” አለ።

“እንግዲያ አንተን ልቅበር? አንተ ነህ መጽሐፉን የምታውቀው፤ የቱን ምረጥ ይላል?” የሻው ዘወር ብሎ አየው። አሽሙር አልነበረም፤ ወንድሙ እውነት መልሱን የሚያውቅ መስሎት ነበር የጠየቀው። መምህሩ ፖሊስ አለ፣ ሕግ አለ ማለት ሲጀምር አቋረጠው። “ፖሊስ እስከ መቼ ከበርህ ይቆምልሃል? ለእኛ ያለን ይኸ ዕርቅ ነው። የሚያፈርሰው ቢኖርም አንተ ነህ፤ በሰው ፊት አሜን ብለሃል፣ በሰው ፊት አልቀበልም ትላለህ። ያን ጊዜ ልጅቱ ከመዳር ትቀራለች። ደሙም ከነበረበት ይነሣል። በል እንግዲህ።”

መምህሩ ብድግ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የጥንቷ እቴጌ ፍርስራሽ ግንብ ጀርባ ሄደ፤ ሰው የለም። ለአያ ሐዲስ፣ ለዋናው ሽማግሌ፣ ደወለላቸው። የሚለውን በልቡ አሰናድቷል፤ ልጅቱ አትመጣም፣ ፈላጊ ካለ እኔ አለሁ፣ አበቃ። “አቤት መምህር፣ እንዴት ዋሉ?” አሉት ሽማግሌው ከወዲያ። እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ አለ። ውቂያው እንዴት ሆነ አለ። ውርጩስ በረታ አላቸው። ዘንድሮስ ሌሊቱን አላስተኛ ብሎናል አሉት። አይዟችሁ፣ ያልፋል አለ። አያ ሐዲስ፣ “ሌላ የሚሉኝ ነበር?” ብለው ጠየቁት። አይ፣ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው አለ። ስልኩን ዘጋ። ዘጋውና የያዘበትን እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ዐየው። የደነገጠው በአብዮት አልነበረም፣ በሽጉጡም አልነበረም። ስለ ሰማዕታት ሲናገር ሕዝብ የሚያስለቅሰው ሐብተ ማርያም ስለ ውርጭ አወራ። ከሣሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የጉባኤው ደወል ሲደወል ፊቱን በነጠላው ጠርጎ ተነሣ።

ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ ነጭ በነጭ ሆነው፣ ስልኮቹም ከወዲሁ ወደ እሱ ተደቅነዋል። ታየች ከፊት ናት። የሻው ከወንዶቹ ዳር ቆሟል። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጥቶ ማይኩን ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው፣ ጋቢ የለበሱትን በዓይኑ መቁጠር ነው፤ የጥር ብርድ ነውና የማይለብስ የለም፣ ቆጠራው አልሆነለትም። በስመ አብ ብሎ ጀመረ። ዮፍታሔን ሊያነሣ አስቦ ነበር፤ አፉን ሲከፍት የመጣለት ግን ዮናስ ሆነ።

ዮናስ ተኝቶ ነበር አለ። ማዕበሉ የተነሣው በእሱ ምክንያት ነው፤ እሱ ግን ከመርከቡ ታች ወርዶ፣ ከባድ እንቅልፍ ተኝቷል። ከላይ ያሉት ሰዎች እንዳይሞቱ ያላቸውን ዕቃ ወደ ባሕር ይጥላሉ። ዮናስ ግን ያንኮራፋል። “ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተማርኋችሁ፤ ሁልጊዜ ስለ ዓሣ አንባሪው ነበር” አለ። “እኔም ተኝቼ ነበር። የተኛሁት እናንተ ፊት፣ ቆሜ፣ እያወራሁ ነው። የድብ ባሕሩን ዕርቅ እኔ በቃሌ አመጣሁት ብዬ ነግሬያችኋለሁ። ውሸት ነው። ዕርቁ የመጣው የወንድሜን ልጅ ሰጥተው ነው። የእኔ ሰዎች እኔ እንዳልሞት ብለው ከመርከቡ የጣሉት ዕቃ አይደለም፣ ልጅ ናት።”

አንዲት ሴት፣ ምስክርነት መስሏት ይሁን፣ ልማድ ሆኖባት፣ እልል አለች። ሌሎችም ተከተሏት። እልልታው ግቢውን ሞላውና እሱ እስኪያልቅ ድረስ ማይኩን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ለጎረቤቱ በሚናገርበት ዓይነት፣ “ያን ለት አሜን ብዬ ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት አልቀበልም እላለሁ። ልጅቱ አትዳርም። ዮናስ ዕቃውን ተዉት፣ እኔን አንሥታችሁ ጣሉኝ ብሏል። የሚፈልጉኝ ሰዎች ቤቴን ያውቁታል” አለ። አሁን እልል የሚል አልተገኘም። ነገሩ የገባቸው ላልገባቸው ሹክ ሲሉ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ታየች በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ስልኮቹ እንደ ተደቀኑ ናቸው፤ ይህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድብ ባሕር ይደርሳል። ከሴቶቹ ኋላ፣ ከማራኪ መች እንደ መጣች እንጃ፣ ፅዮን ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው ልጅ ፊቷን ሳትሸፍን ታለቅሳለች።

ጸሎት ተደርሶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ሁልጊዜ እጁን ለመሳም የሚሻማው ሰው ዛሬ ከሩቅ ነው የተሰናበተው። ከበሩ የጠበቀው የሻው ብቻ ነው። ቀኑ መሽቶ ብርሃኑ ከግንቡ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። የሻው ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

“ወንድሜን ገደልህብኝ” አለው።

ከዚያ በትሩን አነሣና፣ ወደ ቤት በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ግራና ቀኙን እያየ ከመምህሩ ፊት ፊት መሄድ ጀመረ።